የአሥራ ሰባተኛው ሰው ወረቀት

አንድ የሙዚቃ አቀናባሪ ነበር። ስሙ ደምመላሽ ይባላል። አሥራ ሰባት ተጫዋቾች ላሉት የአንድ ከተማ የጃዝ ኦርኬስትራ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙዚቃ አቀናብሯል። በኦርኬስትራው ውስጥ አምስት ሳክስፎን፣ አራት ትራምፔት፣ አራት ትሮምቦን፣ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝ እና ድራም ነበሩ። ደምመላሽ ጥንቁቅ ሰው ነው። አድማጭ ለይቶ ለማይሰማው ለአራተኛው ትሮምቦን እንኳ እያንዳንዱን ድምፅ ከነርዝመቱ ይጽፋል። የት እንደሚተነፍስ ሳይቀር ያመለክትለታል።

ለአሥራ ሰባተኛው ሰው፣ ለድራም ተጫዋቹ፣ ግን አንድ ገጽ ብቻ ይሰጣል። ከገጹ ራስ ላይ የሙዚቃው ፍጥነት ተጽፏል። ከሥሩ የተደረደሩ ጭረቶች አሉ። ጭረት ማለት «በያዝከው ምት ቀጥል» ማለት ነው። ከጭረቶቹ በላይ «32 ባር»፣ ቀጥሎ ደግሞ «32 ባር»፣ ከዚያ «16 ባር» ይላል። ባር የሙዚቃ መቁጠሪያ ነው፤ በዚህ ኦርኬስትራ አንዱ ባር አብዛኛውን ጊዜ አራት ምት ይይዛል። ገጹ ላይ ሌላ ነገር የለም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚህ ገጽ ላይ አንድም ቅሬታ አልቀረበም። ደምመላሽም ከዚህ ተነሥቶ ለድራም መጻፍ አውቃለሁ ብሎ ደመደመ።

ያን ሁሉ ዘመን ድራሙን የሚጫወቱት ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ኦርኬስትራው በድንገት ጸጥ ሲል እሳቸውም እኩል ጸጥ ይላሉ። ትራምፔቶቹ አንድ ላይ ሲጮኹ እሳቸው ከሥር ይደግፏቸዋል። ፒያኖው ብቻውን ሲቀር እሳቸው ዝቅ ይላሉ። «ጋሽ ቶሎሳ ሳይነገራቸው ያውቃሉ» ይባል ነበር።

በሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ቶሎሳ የቤታቸውን አሸንዳ ሊጠግኑ መሰላል ላይ ወጡ። መሰላሉ ተንሸራተተ። ቀኝ የእጅ አንጓቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ለአራት ወር ድራም እንዳይነኩ አዘዛቸው። ኦርኬስትራው ደግሞ በመስከረም መጨረሻ በታደሰው አዳራሽ ምረቃ ላይ ሊጫወት ቀጠሮ ይዟል።

በእሳቸው ቦታ አዜብ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ተቀጠረች። በፈተናው ዕለት ከዚያ በፊት አይታቸው የማታውቃቸውን አራት ወረቀቶች ያለ ስህተት አንብባ ተጫውታለች። የተቀጠረችው ለሁለት ወር ሙከራ ነው። ለዚህ ስትል ትሠራበት የነበረውን የሆቴል ባንድ ለቃለች፤ ቦታዋም በሳምንቱ በሌላ ሰው ተይዟል። ሙከራውን ከወደቀች የምትመለስበት ሥራ የላትም።

በመጀመሪያው ልምምድ፣ ሃምሳ ሰባተኛው ባር ላይ፣ ኦርኬስትራው ለሁለት ምት ሙሉ በሙሉ ጸጥ የሚልበት ቦታ ደረሰ። አሥራ ስድስቱ ጸጥ አሉ። አዜብ እየመታች ነበር።

«ወራጅ አለ!» አለ ጎሹ የሚባል የትሮምቦን ተጫዋች፤ «አንቺ ሹፌር፣ ሁላችንም ወርደናልኮ!»

አዳራሹ ሳቀ። አዜብም ፈገግ አለች። እንደገና ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ትራምፔቶቹ አንድ ላይ ጮኹ፤ እሷ ግን አልደገፈቻቸውም። ፒያኖው ብቻውን ሲቀር ደግሞ ድምፅዋ ሸፈነው። ደምመላሽ ከወንበሩ ተነሣ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ወረቀቱ ላይ ማቆሚያ የለም።»

«ጋሽ ቶሎሳ በዚሁ ወረቀት ነው የተጫወቱት። ድራም በጆሮ ነው፣ እህቴ።»

«ጆሮዬማ ሰምቷል። የሰማው ግን ከቆማችሁ በኋላ ነው።»

የኦርኬስትራው መሪ ሻምበል ይትባረክ ነበሩ። ሻምበል ከወታደር ባንድ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይይዛሉ። ስህተት ሲሰሙ አይቆጡም፤ የተጫዋቹን ስምና የባሩን ቁጥር ይጽፋሉ። በሦስት ልምምድ የአዜብ ስም አሥራ አንድ ጊዜ ተጻፈ። ከእሷ ቀጥሎ ብዙ ስህተት የተጻፈበት ሰው አራት ነበረው።

ደምመላሽ ለሻምበል ግማሽ ገጽ ደብዳቤ አስገባ። «ልጅቷ ታነባለች እንጂ አትሰማም። ከምረቃው በፊት ሌላ ሰው ይፈለግ» የሚል ነው። ሻምበል አንብበው አጠፉትና ማስታወሻ ደብተራቸው ውስጥ አስቀመጡት። አዜብንም ጠርተው ነገሯት።

«መስከረም አሥራ ስምንት አዲሱን ቅንብር እንለማመዳለን። ያን ቀን አይቼሽ እወስናለሁ። ከዚያ በፊት ማንም አያሰናብትሽም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም አያማልድሽም።»

ደምመላሽ አዲስ ቅንብር የሚያድለው በልምምዱ ጠዋት ነው። ይህ የቆየ ልማዱ ነበር። አዜብ ወረቀቱን አስቀድማ የምታጠናበት ዕድል የላትም ማለት ነው።

በማግስቱ ብርቱካን ገዝታ ጋሽ ቶሎሳን ልትጠይቅ ሄደች። እጃቸው በጄሶ ታስሮ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ነይ፣ ነይ። ወሬሽን ጎሹ ነግሮኛል። ሹፌር ሆነሻል አሉ።»

«ሊያስወርዱኝ ነው፣ ጋሼ።»

ሃምሳ ሰባተኛው ባር ላይ የሳተችበትን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው። በግራ እጃቸው ይዘው አዩት፤ ገልብጠውም ጀርባውን አዩ።

«ይሄ የኔ ወረቀት አይደለም።»

«እርስዎ የተጫወቱበት ነው። ቁጥሩ ያው ነው።»

«እኔ የተጫወትኩበትማ በእርሳስ የተሞላ ነበር። አጥፍተውታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦርኬስትራው ደንብ መሠረት በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወረቀቶቹ ሁሉ ወደ ኖታ ክፍል ይመለሳሉ። ንብረት ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ የሚል መመሪያ ስላለ የክፍሉ ሠራተኛ ላጲስ ይዛ የእርሳስ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። ሥራው ሲጀመር ጋሽ ቶሎሳ ከልምምዱ አንድ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል እየዞሩ የአንደኛውን ትራምፔት፣ የአንደኛውን ሳክስፎንና የፒያኖውን ወረቀት ያነባሉ። ኦርኬስትራው የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚጮኽ፣ የት ዝቅ እንደሚል በራሳቸው ገጽ ላይ በእርሳስ ይገለብጣሉ። ሰኔ ሲመጣ ይጠፋል። ነሐሴ ላይ እንደገና ይጽፉታል። ይህን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አድርገዋል። ሳይነገራቸው የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነበር።

«ታዲያ ለአቶ ደምመላሽ ለምን አልነገሯቸውም?» አለች አዜብ።

ጋሽ ቶሎሳ ብርቱካኑን በአንድ እጃቸው ለመላጥ እየሞከሩ ነበር። ተቀበለቻቸውና ላጠችላቸው።

«ምን ልዋሽሽ። 'ሳይነገራቸው ያውቃሉ' ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«አዲስ ቅንብር ሲመጣስ? በዕለቱ ነው የሚሰጡት።»

«እሳሳታለኋ! ግን ቶሎሳ ሲሳሳት ሙዚቃው አዲስ ስለሆነ ነው ይባላል። አንቺ ስትሳሳቺ አዜብ አትችልም ይባላል።»

ከዚያም ጨመሩ። «ለድሮዎቹ ላስጽፍሽ። እርሳስ አውጪ። ለአዲሱ ግን እኔም መላ የለኝም።»

እሳቸው እየነገሯት አዜብ ምልክቶቹን ሁሉ በድሮው ወረቀት ላይ ጻፈች። በማግስቱ ያንኑ ወረቀት ይዛ ደምመላሽ ቢሮ ገባች። ጋሽ ቶሎሳ ያደርጉ የነበረውን ነገረችው፤ ምልክቶቹንም አሳየችው። አዲሱ ቅንብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲጽፍላት ለመነችው።

ደምመላሽ ወረቀቱን አየው። ፊቱ ጠቆረ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጻፍ አልቻልክም ነው የምትዪኝ?»

«ኧረ አላልኩም። ወረቀቱ አይነግረኝም ነው ያልኩት።»

«እሺ። እንዲነግርሽ ከፈለግሽ ሁሉንም ይነግርሻል።»

መስከረም አሥራ አንድ ላይ ለዚያው ለድሮው ሙዚቃ አዲስ የድራም ወረቀት ይዞ መጣ። አሥራ ሦስት ገጽ ነበር። ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ቀኝ እግር፣ ግራ እግር በየምቱ የሚሠሩት ሁሉ ተጽፏል። አዜብ ማንበቡን ጀመረች። ዓይኗን ከወረቀቱ ካነሣች ቦታው ስለሚጠፋባት መሪውን ማየት አልቻለችም። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ ነበሩ። በአንዱ መምቻ ወረቀቱን ልትገልጥ ስትል መምቻው ከእጇ ወጥቶ ፒያኖው ሥር ገባ። ኦርኬስትራው አምስት ባር ያህል ሄዶ ቆመ።

«ሹፌሯ ረዳት ይቀጠርላት!» አለ ጎሹ።

«ሲጎድል ጎደለ ተባለ፤ ይኸው ሞላሁት» አለ ደምመላሽ። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ሻምበል፣ ይኸው አዩ።»

ሻምበል ወደ ኖታ ክፍል ሰው ላኩ። የመጣው ደምመላሽ ራሱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሠራው፣ ከዚያ ወዲህ ያልተጫወቱት ቅንብር ነበር። ወረቀቱ ለሁሉም ታደለ።

«ደምመላሽ፣ ና እዚህ ተቀመጥ» አሉ ሻምበል፤ የድራሙን ወንበር እያሳዩ።

«ድራም አልችልምኮ፣ ሻምበል።»

«አትመታም። መምቻዎቹን በሁለት እጅህ ያዝና ወረቀቱን ተከተል። ኦርኬስትራው የሚቆምበት ቦታ ሊደርስ ሲል ቀኝ እጅህን አንሣ።»

«ሊደርስ ሲል?»

«ከቆመማ በኋላ እኔም አውቃለሁ።»

ደምመላሽ ተቀመጠ። ፊቱ ያለው አንዱ ገጽ ነበር፦ ጭረት፣ «32 ባር»፣ ጭረት። ሻምበል አስጀመሩ። ደምመላሽ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥር ጀመር። ሃያ ላይ ሲደርስ ትራምፔቶቹ ገቡ፤ እነሱን ሲሰማ ቁጥሩ ጠፋበት። እጁን አነሣ፤ ኦርኬስትራው ግን አልቆመም። እጁን አወረደ፤ በአራተኛው ምት ላይ ኦርኬስትራው ቆመ። እስከ መጨረሻው እንዲህ ሄደ።

በቅንብሩ ውስጥ ሰባት ማቆሚያ ነበር። ደምመላሽ በጊዜው እጁን ያነሣው ለሁለቱ ነው። ማቆሚያ በሌለበት ቦታ ሦስት ጊዜ አንሥቷል። ሻምበል ቁጥሮቹን በዚያው ማስታወሻ ደብተር ጻፉ፤ በላዩም «ደምመላሽ» ብለው ጻፉ። ገጹን ቀድደው ሰጡት።

ጎሹ «ወራ...» ሲል ሻምበል አዩት። 

ደምመላሽ ወዲያው አልተነሣም። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ዙሪያውን ቃኘ። ሳክስፎኖቹ ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ትራምፔቶቹ ከኋላው ናቸው፤ ሊነፉ ሲሉ ትንፋሽ ሲስቡ ከዚያ አይታዩም። ድራም ተጫዋቹ ሌሎቹ ሊያደርጉ ያሰቡትን የሚያውቅበት ከወረቀቱ በቀር ሌላ መንገድ እንደሌለ በዓይኑ አየ።

«አዜብ፣ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መምጣት ትችያለሽ?» አለ።

በማግስቱ በባዶው አዳራሽ የአዲሱን ቅንብር የመጀመሪያ ገጽ አብረው ሠሩ። እሷ ድራሙ ላይ፣ እሱ አጠገቧ በርጩማ ላይ።

«እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?»

«ትራምፔቶቹ የሚሉትን። አነስ አድርገው፣ ከመስመሩ በላይ። እንዴት እንደምደግፋቸው እኔ አውቃለሁ።»

«እዚህስ?»

«በየስምንት ባሩ ቁጥር ያድርጉልኝ። ብጠፋ እንኳ ሩቅ ሳልሄድ እንድመለስ።»

«ፒያኖው ብቻውን የሚቀርበት?»

«'ፒያኖ ብቻውን፣ ዝቅ' ይበሉ። በቃ።»

«ምቱንስ?»

«ምቱን ይተዉልኝ። የተቀጠርኩት ለሱ ነው።»

ደምመላሽ ሳቀ። አዜብ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

የቀረውን ብቻውን ጻፈ፤ ለእሷም አላሳያትም። ፈተናው ፈተና መሆን አለበት ብለው ሻምበል አስጠንቅቀውት ነበር።

መስከረም አሥራ ስምንት ጠዋት ወረቀቱ ታደለ። የድራሙ ሦስት ገጽ ነበር። ገጾቹ የሚያልቁት ድራሙ ጥቂት ባር ጸጥ በሚልበት ቦታ ላይ ነው። ማቆሚያዎቹ በወፍራም መስመር ተለይተዋል። በገጹ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ ነበር፤ በዚያ ባዶ ቦታ የሚሆነው ለአዜብ የተተወ ነው።

ቅንብሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ባር ነው፤ ዘጠኝ ማቆሚያ አለው። ሻምበል አስጀመሩ። አዜብ አልፎ አልፎ ወረቀቱን፣ አብዛኛውን ጊዜ መሪውን እያየች ተጫወተች። የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ አሥራ ሰባቱም እኩል ጸጥ አሉ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚሁ። መቶ ሠላሳ አንደኛው ባር ላይ ግን ማቆሚያው ሳያልቅ አንድ ምት ቀድማ ገባች። ሻምበል እጃቸውን አነሡ። ሁሉም ቆመ።

ደምመላሽ ከአዜብ በፊት ወረቀቱ ጋ ደረሰ።

«እኔ ነኝ? ሳልጽፍ ቀርቼ ነው?»

አዜብ ቦታውን በመምቻዋ ጫፍ ነካችው።

«አይደለም። እዚህ ተጽፏል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከአራት ባር በፊት ጀመሩ። በትክክል አለፈችው። እስከ መጨረሻውም ሄዱ። ሻምበል በማስታወሻ ደብተራቸው በአዜብ ስም አንድ ጻፉ። ያን ቀን ጎሹ ሦስት ነበረው።

ሻምበል የታጠፈውን ደብዳቤ አውጥተው ለደምመላሽ ዘረጉለት።

«ይሄ ይቆይ ወይስ ትወስደዋለህ?»

«ይስጡኝ።»

ሻምበል በዚያው ሳምንት ለአስተዳደሩ ጽፈው የአዜብን ቅጥር ቋሚ አስደረጉ። ምረቃውም ያለ እንከን አለፈ። ጋሽ ቶሎሳ በኅዳር እጃቸው ድኖ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በየተራ ይጫወታሉ። በተመለሱበት ቀን ደምመላሽን በተጫዋቾቹ ሁሉ ፊት እንዲህ አሉት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት መናገር ነበረብኝ። ደበቅኩህ።»

«እኔስ፣ ጋሼ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን መጠየቅ አቅቶኝ?»

ይህን ታሪክ የምናካፍለው ስለ ሙዚቃ ብለን ብቻ አይደለም። ቅሬታ አለመኖሩ የሰጠነው መመሪያ ግልጽ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት አንድ ብርቱ ሰው ጉድለታችንን በዝምታ እየሞላልን ይሆናል። ያ ሰው ሲታመም ወይም ሲለቅ የእኛ ጉድለት አዲስ በመጣው ሰው ስም ይጻፋል፤ እኛም እውነት ፈረድን ብለን እናምናለን። ጉድለቱን የሚሞላውም ሰው ለሚወደስበት ዝምታ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንደሚቀጣ ይወቅ።

ሁሉን መዘርዘርም መፍትሔ አይደለም። ለሠራተኛ የሚነገረው ከተቀመጠበት ሆኖ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ነው። ሙያው የሆነውን ለእሱ መተው ነው። እንዲህ የተጻፈ ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው፦ ስህተት ሲፈጠር የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የተሳሳተውም ሰው ሳይፈራ «የኔ ነው» ይላል።

እናንተስ? በቤታችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ «ሳይነገረው ያውቃል» የምትሉት ሰው ማን ነው? ነገ ባይመጣ፣ በቦታው የሚቀመጠው ሰው እጁ ላይ ምን ወረቀት ይኖራል?